አርባኛው ቁጥር

በዚያች ትንሽ ከተማ ባለሱቁን በስሙ የሚጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሁሉም "ጋሼ ሚዛን" ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ስኳር ሲመዝን ስለማያጭበረብር ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሰው ተጣልቶ ደጃፉ ሲመጣ ወደ ማንም ሳያዘነብል ስለሚዳኝ ነው። ሳሙና፣ ምስማር፣ ደብተር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ መርፌና ክር ይሸጣል። ወደ ሱቁ ከሚመጣው ሰው ግማሹ ግን ምንም አይገዛም። አንዱ ማመልከቻ ሊያጽፍ ይመጣል፣ አንዷ ባሏን እንዲመክርላት፣ ሌላው ሆዱ ያለውን አራግፎ ሊሄድ። እሱም ባንኮኒው ላይ በክንዱ ተደግፎ "እሺ... እሺ..." ይላል።

ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ወገቡን ያመዋል፤ ከሰዓት በኋላ እግሩ ስለሚያብጥ ጫማውን ከባንኮኒው ሥር አውልቆ በካልሲ ይቆማል። የውኃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ነው፣ የተማሪ ወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ነው፣ ድልድዩ በጎርፍ በተሸረሸረ ቁጥር አስተባባሪውም እሱ ነው። በየምርጫው ተነሥቶ "ዘንድሮስ ልረፍ፣ ደክሞኛል" ይላል። ሰዉ ይስቅና ያጨበጭባል፤ ማጨብጨብ ደግሞ መመረጥ ነው። የማትራገጥ በቅሎ ያገኘ ሰው መቼ ጭነት ቀንሶ ያውቃል? እሱም አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል።

ይህ ሰው ድህነት አያስፈራውም፣ ድካምም ለምዶታል። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ለራሱ ቤት አደላ" መባል። ከእሱ በፊት የነበረው ሊቀ መንበር የመጀመሪያውን የውኃ መስመር ወደ ገዛ ግቢው አስገብቶ፣ በሕዝብ ፊት ተዋርዶ ወርዷል። ያን ቀን ተነሥቶ በቁጣ የተናገረው ደግሞ ራሱ ጋሼ ሚዛን ነበር። እንዲያ ተናግሮ ሲያበቃ እንዴት ብሎ ለቤቱ ያድላ? ስለዚህ በሱ ዘመን ውኃ ሲገባ የመጨረሻው ቤት የእሱ ሆነ። ባለቤቱ ጎረቤቶቿ ሁሉ ቧንቧ ከከፈቱ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ጀሪካን ተሸከመች።

"የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ!" ትለው ነበር ጀሪካኑን እያወረደች። ያኔ እየሳቀች ነበር የምትለው።

የዓይን ሐኪሞቹ መምጣት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። በዓመት አንዴ በአንድ መኪና ይመጣሉ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሁለት ክፍል ይይዛሉ፣ በአንድ ቀን አርባ ሰው አይተው ይሄዳሉ። ከአርባ በላይ አይችሉም። የጤና ጣቢያው ነርስ፣ ሁሉ የሚፈራት ሴት፣ ቁጥር የማደሉን ሥራ "ከጋሼ ሚዛን ሌላ ማን ይታመናል?" ብላ ለእሱ ሰጠችው። እሱም የሳሙና ካርቶን በመቀስ ቆራርጦ ከአንድ እስከ አርባ ጻፈ።

የባለቤቱ ዓይን መድከም የጀመረው በዚያው ዓመት ነበር። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት፤ አመሻሽ ላይ መብራት ስታይ ዙሪያውን ቀለበት ይታያታል። አርባኛዋን ካርቶን ለእሷ አስቀመጠላት። ለምን አርባኛዋን? አሥረኛዋን ቢሰጣት ይታማላ! የመጨረሻዋ ስትሆን ማንም አፍ የለውም ብሎ ነው። ቁጥሮቹ አልቀው ሱቁን ሊዘጋ ሲል አንድ ሹፌር እናቱን ደግፎ መጣ። አሮጊቷ መንገዱን በእግራቸው እየዳሰሱ ነው የሚራመዱት። ጋሼ ሚዛን እጁ ኪሱ ገብቶ አርባኛዋን ሲያወጣ ራሱም አላወቀም።

"አንቺ እኮ ገና ታያለሽ" አላት እቤት ገብቶ። "እሳቸው ግን ጨልሞባቸዋል።"

"ደግ አደረግህ" አለች። ከልቧ ነበር። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው።

በሁለተኛው ዓመት የግራ ዓይኗ ብሶ በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው አይታያትም ነበር። የበሩ መቃን ትከሻዋን ይመታታል፣ ሲኒ ከጠረጴዛ ጫፍ ታወርዳለች። "ዘንድሮ እንዳትረሳኝ" አለችው፤ አልረሳትም። አርባኛዋን ካርቶን አሁንም ኪሱ ከተተ። በማግስቱ የሰፈሩ አናጢ መጣ፤ አራት ልጆች አሉት፣ መጋዙ ሁለት ጊዜ ጣቱን ለጥቂት ስቶታል። "ጋሼ፣ ዓይኔ ከሄደ እንጀራዬ ሄደ" ብሎ ባንኮኒው ላይ ግንባሩን ደፋ። ከኋላው ስድስት ሰው ቆሞ ያያል። በኪሱ ውስጥ አንዲት ቁጥር እንዳለች እያወቀ፣ ያውም ለሚስቱ የደበቃት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "የለም" ማለት አቃተው። ሰጠ። የዚያን ቀን ሰዉ መረቀው። እቤት ሲገባ ባለቤቱ ጀርባዋን ሰጥታው ምስር ትለቅም ነበር፣ በጣቷ እየዳበሰች።

"ሰጠሃት፣ አይደል?"

"አናጢው አራት ልጆች..."

"ገባኝ" አለች። ያንን ዓመት ስለ ዓይኗ ዳግመኛ አላነሣችም። እሱም ዝምታዋን እንደ እፎይታ ቆጠረው፤ እዚህ ላይ ነው እኔም የማልምረው።

በሦስተኛው ዓመት ቁጥር የሚታደልበት ቀን ጠዋት፣ በሩን ሲከፍት ሰልፉ እስከ ልብስ ሰፊው ቤት ድረስ ደርሷል። አንድ እያለ ሁለት እያለ እያደለ፣ ሠላሳ አንድ ሲደርስ የተዘረጋችውን እጅ አወቃት። በአውራ ጣቷ ላይ ያለው የድሮ ቃጠሎ የሚስቱ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷን ትንሽ ወደ ግራ አዙራ ቆማለች፤ በቀኝ ዓይኗ እሱን ለማየት ነው።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ተሰልፌያለሁ። ገና ሳይነጋ ነው የወጣሁት። እንደማንም ሰው ቁጥሬን ስጠኝ።"

ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን አየ። ጋሼ ሚዛን ፊቱ ቀልቶ ሠላሳ አንደኛዋን ካርቶን መዳፏ ላይ አኖረላት። አብራው የኖረች ሴት ከገዛ ባሏ እጅ ተሰልፋ ስትቀበል እያየ፣ የሚገባበት ጠፋው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። በትንሽ መብራት ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ እንደገና ወደ ግራው ተመለሰች። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ "እናቴ፣ ለምን እስካሁን ቆዩ?" አለች።

ጋሼ ሚዛን ከኋላ ቆሞ ነበር። ባለቤቱ ትናገራለች ብሎ ጠበቀ።

"ተራዬ አልደረሰም ነበር" አለች ባለቤቱ።

ሐኪሟ ለሁለቱም እያቀለለች አስረዳቻቸው። ዓይን ውስጥ ግፊት አለ፤ ቀስ እያለ ዓይንን ይገድላል። የግራው አልቋል፣ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ከሁለት ዓመት በፊት ቢመጡ ይድን ነበር። የቀኙ ግን ይተርፋል፤ በጠብታ ነው፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ዕድሜ ልክ። ሰዓቱ መዛነፍ የለበትም። ባለቤቱ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ ስለማይነሣላት ጠብታውን ሌላ ሰው ነው የሚያደርግላት።

"ማን ያደርግልዎታል?" አለች ሐኪሟ።

"እኔ" አለ ጋሼ ሚዛን። ባለቤቱ ወደ እሱ አልዞረችም።

የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቀናት አልሳተም። በዘጠነኛው ቀን የውኃ ኮሚቴው ስብሰባ በአሥር ሰዓት ተጠራ። ለሁለት ሰፈሮች የሚበቃ አንድ ቧንቧ ብቻ ተገኝቷል፣ ሁለቱም "ለእኛ ይገባናል" ይላሉ፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣው ሰውም የሊቀ መንበሩን ፊርማ ይዞ ካልሄደ ቧንቧው ለሌላ ከተማ እንደሚሰጥ ተናግሯል። ክርክሩ ጦፈ። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። የላይኛው ሰፈር ሰው ተነሥቶ ሲናገር የታችኛው ይጮኻል፣ የታችኛው ሲናገር የላይኛው። ጋሼ ሚዛን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሲያይ አሥራ አንድ ከአርባ ነበር። እስከ ቤቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ባበጠ እግር ደግሞ ይበልጣል።

ተነሣ። ወንበሩ ሲንጓጓ ሁሉም ዞሩ።

"ወዴት ነው ጋሼ?" አለ ርዕሰ መምህሩ።

"ቤት።"

"ነገሩ ሳያልቅ? ሰውዬው ፊርማ ይጠብቃል እኮ!"

"ይጠብቅ። ካልጠበቀም ይሂድ።"

ከዚያ አናጢው፣ ያው ዓይኑ የዳነለት አናጢ፣ ከኋላ ወንበር ሆኖ "በሉ እንግዲህ፣ ጋሼ ሚዛንም ለቤቱ ማድላት ጀመረ!" አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ክፋት የለበትም፤ የሰፈር ቀልድ ነው። ሳቁ በረደና ሰዎቹ ወደ ቧንቧቸው ተመለሱ። ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ነገር ይህ ነበር፤ ከአንድ ቀልድም አላለፈ። በሩን ከፍቶ ወጣ።

አንዴ እየሮጠ፣ አንዴ እያነከሰ ሄደ። ሲደርስ አንድ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ባለቤቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጠርሙሷን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቀዋለች።

"ስብሰባው አለቀ?"

"አላለቀም።"

"ሳያልቅ መጣህ?"

"መጣሁ።"

እጁን ታጥቦ አጠገቧ ተንበረከከ። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አዘነበለች። የቀኝ ዓይኗን ሽፋን በአውራ ጣቱ ወደ ታች ሳበ፤ ከሩጫው የተነሣ ገና ያለከልካል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ጉንጯ ላይ ወረደች። ሁለተኛዋ ገባች። ባለቤቱ ዓይኗን ጨፍና እንደዚያው ሆና ቆየች።

"ያኔ እንዲህ ተነሥተህ ብትመጣ ኖሮ" አለች ቀስ ብላ፣ "በሁለቱም አይህ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ።

ከጉልበቱ ሊነሣ ፈለገና አቃተው፤ እሷ ዓይኗን እንደጨፈነች እጇን ዘርግታ እየዳበሰች ትከሻውን አገኘችው። እንዲነሣ አልደገፈችውም፤ ተደገፈችበት። እሱም እንደተንበረከከ ቀረ።