ፍሬን አማካሪ ሲመርጥ

ባሌን የሥራ ባልደረቦቹ «ፍሬን» ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ እግሩ ከፍሬን ርቆ አያውቅም። ቤት ውስጥም ያው ነው፤ መጋረጃ ለመግዛት እንኳን ሦስት ጊዜ ይቆማል።

ከአራት ወር በፊት ግን ጨርሶ ቆመ። ማታ ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ሲያበቃ አንዲት አሮጊት ከኋላው ባለው ወንበር ላይ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ ልባቸው ነው አለ፤ ፖሊሱም አለቃውም «አንተ ምን አጠፋህ» አሉት። እሱ ግን በማግስቱ ቁልፉን ማዞር አቃተው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ይነሳል፣ የደንብ ልብሱን ይለብሳል፣ ማዕድ ቤት ቁጭ ይላል። «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም» ነው መልሱ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው። እኔ የሆስፒታል አንሶላ ስተኩስ ውዬ ስገባ እዚያው አገኘዋለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ከሺህ አንሶላ ይልቅ የሱ ዝምታ አደከመኝ።

በመጨረሻ አለቃው ቁርጡን ነገረው፤ ፈቃድ ያለው የሥነ ልቦና አማካሪ አነጋግሮ ካልተመለሰ መሪውን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው።

የባሌ ታናሽ ወንድም «ስመ ጥር ነው» ብሎ አንድ ሰውዬ ዘንድ ላከን። የክፍሉ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መስታወት በገባለት ወረቀት ተሸፍኗል። ሰውዬው «አረፍ ይበሉ ጋሼ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ» አለ። ባሌ አላረፈም፣ አልተነፈሰምም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግድግዳውን ማንበብ ጀመረ።

«የሙያ ፈቃድዎ የቱ ነው?»

«ሁሉም ናቸው ጋሼ።»

«ይሄ የሁለት ቀን ሥልጠና ነው። ይሄ የተሳትፎ ነው። ይሄኛው ምስጋና። ፈቃዱ የት አለ?»

ሰውዬው ተቆጣ። ባሌ ግን ድምፁን እንኳን ሳይለውጥ «እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ለትራፊክ ፈቃዴን ሳሳይ አንድ ቀን ተቆጥቼ አላውቅም» አለው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደረጃውን ስንወርድ ደግሞ «አውቶቡስ የተሳፈረ ሁሉ ሹፌር ነው እንዴ?» አለኝ። ከወራት በኋላ ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይሄ ነበር።

ሁለተኛው የፈቃድ ቁጥሩን በሩ ላይ ጽፏል። ባሌ ቁጥሩን ገልብጦ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ወሰደኝ። ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የመስኮቷ ሠራተኛ መዝገቡን አይታ «ይሄ ቁጥር የጥርስ ሐኪም ነው» አለች። ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ የሰው ቁጥር ሰቅሏል። ልጅቷ አዘነችልን መሰለኝ ስልክ ቁጥር ሰጠችን። «ከእንግዲህ አይንገላቱ አባባ። ስሙንና ቁጥሩን ይንገሩኝ፤ ሙያው የቱ እንደሆነ፣ መታደሱን፣ ክስ እንዳለበትና እንደሌለበት አይቼ እነግርዎታለሁ።»

የሦስተኛው ፈቃድ ጊዜው አልፎበታል፤ «እያሳደስኩ ነው» አለን። አራተኛዋ ሁሉም ነገሯ ትክክል ነበር። ባሌ ወረቀቱን ወደ መስኮት ዘንበል አድርጎ አየና «ፎቶው አይመስላትም» ብሎ ወጣ። ፎቶው ቁርጥ እሷን ነው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ባሌ ላለመናገር ሰበብ እየፈለገ ነው። እግሬ አብጧል፣ ፈረቃ ቀይሩልኝ እያልኩ ስለምን ከርሜያለሁ፣ ለካ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ኖሯል።

«አንድ እንሞክራለን» አልኩት። «ከዚያ ወዲያ ግን ብቻህን ዙር። እኔ በቃኝ።»

አምስተኛዋ ከጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበረች። ሦስት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ። ገና አፉን ሳይከፍት ፈቃዷን ከመሳቢያ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። «ማረጋገጥ ከፈለጉ ይደውሉ፤ እጠብቃለሁ።»

እዚያው ደወለ፣ ሞተር በሚያስንቅ በዚያ የሹፌር ድምፁ። የመስኮቷ ልጅ ድምፁን ለይታዋለች። «አሁንም እርስዎ ነዎት አባባ?» ስትል ለሁላችንም ተሰማን። ትንሽ ቆይታ «ትክክል ነው። የታደሰ ነው። ክስም የለባትም» አለች።

ባሌ ስልኩን ዘጋ። ፎቶውን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። የሚጠይቀው አለቀበት። ስንት ቀን የተናደድኩበት ሰውዬ አንጀቴን በላው።

ከደረት ኪሱ የራሱን መንጃ ፈቃድ አወጣና ከሷ ፈቃድ ጎን አስቀመጠው።

«የኔንም ይዩት» አለ።

አልሳቀችም። አነሳችው፣ ፊቱን አነበበች፣ ጀርባውን አነበበች። «የታደሰ ነው» አለች። «ጥፋት የተመዘገበበትም አይደለም።»

«እዚያ ላይ አይጻፍም» አለ። ከዚያ ቀጠለ። «አሮጊቷን በስፖኪዮ አይቻቸዋለሁ። ያንቀላፉ መሰለኝ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ልቀስቅሳቸው ብዬ ተነሳሁና፣ ደክሟቸዋል፣ ይተኙ ብዬ ተውኩ። ሁለት ዙር ይዣቸው ዞርኩ። እንዳይነቁ ብዬ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ቀስ ብዬ ነበር የምታጠፈው።»

አራት ወር ሙሉ አንድ ገበታ ቀርበን ይህን አላውቅም ነበር።

አማካሪዋ «ሲሳፈሩ ምን አሉዎት?» ስትለው ሰማሁ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁና በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።