የሸፈንኩትን ስቆጥር

ወደ ሥልጠናው ክፍል በገባሁበት በመጀመሪያው ቀን ተዋረድኩ። አየር ጤና አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ የደም ናሙና ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ጋሽ ወልዴ ያየው አይሳሳትም» ይባልልኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ተቀምጫለሁ።

ኮልፌ ያለው የምርምር ማዕከል በቴክኒሻንነት የቀጠረኝ በዚሁ ስሜ ነው። ማዕከሉ በየክረምቱ ለማስተርስና ለዶክትሬት ተማሪዎች የአራት ሳምንት ሥልጠና ይሰጣል። ትምህርቱ ሴልን አይቶ ማድነቅ ሳይሆን መለካት ነው፤ ስንት ሴል አለ፣ ስንቱ እየተከፈለ ነው፣ የተገኘው ቁጥርስ ምን ያህል ይታመናል። የኔ ሥራ ናሙና የሚቀመጥበትን ስስ መስታወት፣ ስላይዱን፣ ማዘጋጀት፣ ማይክሮስኮፖቹን ማስተካከል፣ ከተማሪው ቀጥሎም ሁለተኛ ቆጣሪ ሆኖ መቁጠር ነበር።

ሥልጠናውን የሚመሩት ዶክተር ምሕረት ያን ቀን ጠዋት አንድ ስላይድ ሰጥተው ሁላችንንም አስቆጠሩን። እኔ አርባ ሁለት አልኩ። ከምሳ በኋላ ሌላ ሰጡን፤ ሠላሳ ስድስት አልኩ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ጠዋትም አሁንም ያዩት አንድ ስላይድ ነው» አሉኝ።

ወጣቶቹ ሳቁ፤ ደሜ ፈላ። «ዶክተር፣ በዚህ ዕድሜዬ ሊፈትኑኝ ነው?» አልኳቸው።

«እኔም ጠዋትና ከሰዓት የቆጠርኩት አልገጠመልኝም። ዓይን ይደክማል፣ ይሰለቻል፣ ይወዳል። እዚህ የምንማረው ይህንኑ ነው።»

መድከሙና መሰልቸቱ ገባኝ። «ይወዳል» ያሉት ግን የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ በራሴ ጥፋት ነው።

በዚያ ክፍል የማይታለፍ አንድ ሕግ ነበር። መድኃኒት የተጨመረበትንና ያልተጨመረበትን ስላይድ የሚለየው ጽሑፍ ከቆጠራ በፊት በፕላስተር ይሸፈናል። ፕላስተሩ ላይ ተራ ቁጥር ብቻ ይጻፋል። የትኛው ቁጥር የትኛው ስላይድ እንደሆነ የሚያውቀው የሸፈነው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አይቆጥርም። ይህ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን የአልማዝ ሥራ ነበር።

ሐያት የመጣችው ከዓመታት በኋላ፣ ይህን የአልማዝ ሥራ ሁላችንም በለመድንበት ጊዜ ነው። የማስተርስ ተማሪ ነበረች። ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር በሚኒባስ መጥታ ሁላችንንም ትቀድመን ነበር። ሌንሱን ሳትጠርግ አትቀመጥም፤ ሳትጠርግም አትነሳም። ስትሳሳት ደብተሯ ላይ ያለውን አትሰርዝም፤ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ተሳስቻለሁ» ብላ ምክንያቱን ትጽፋለች። እንዲህ ያለ ደብተር በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

የምትመረምረው ከአንድ ቅጠል የተነጠረ መድኃኒት የሴሎችን መከፋፈል ያዘገይ እንደሆነ ነበር። በማዕከሉ ለዶክትሬት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የሚወሰነውም በሥልጠናው መዝጊያ ላይ በሚቀርበው ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት ተወዳድራ ወድቃለች። ዘንድሮም ካልሆነ የአባቷ የጨርቅ ሱቅ ይጠብቃታል።

«ጋሼ፣ ጨርቅ መለካትም አይጠላም» ትለኝ ነበር እየሳቀች፤ «ግን ሴል ይበልጥብኛል።»

እንደ ልጄ ወደድኳት። እንድታልፍ ፈለግሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ዝናቡ መንገዱን ዘጋውና አልማዝ ከሳንሱሲ ታክሲ አጥታ ቀረች። ሐያት ማይክሮስኮፑን የምታገኘው ያን ቀን ብቻ ነበር። እሷ ሌላ ክፍል ትምህርት ላይ ሳለች አሥራ ሁለቱን ስላይዶች እኔው ሸፈንኳቸው፤ ቁጥራቸውንም እኔው ጻፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አደባልቄያቸዋለሁ፣ ማን ያስታውሳል አልኩ። የስንቱን በሽተኛ የካርድ ቁጥር በቃሌ ይዤ የኖርኩ ሰው አሥራ ሁለት ቁጥር ሊጠፋኝ!

ሴል ሊከፈል ሲል እንደታሰረ ከረጢት ወገቡ ይጠብባል። አንዳንዱ ግን መጀመር አለመጀመሩ አይለይም፤ ፍርዱ የቆጣሪው ነው። እንደ ወትሮው ሁለተኛ ቆጣሪ ሆኜ ስቆጥር፣ መድኃኒቱ ባለበት ስላይድ ላይ እንዲህ ያለ አጠራጣሪ ሲገጥመኝ «አልጀመረም» አልኩ። በሌለበት ላይ ሲገጥመኝ «ጀምሯል» አልኩ። የሌለ ሴል አልጨመርኩም፤ ማድላቴንም አላወቅሁም ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። የኔ ልብ ግን ቀድሞ አይቶ ዓይኔን ይመራው ነበር።

የሁለታችን ቁጥር ተደምሮ ሲወጣ ልዩነቱ ፈክቶ ታየ፤ መድኃኒቱ ሠርቷል። ሐያት በደስታ አቀፈችኝ። ሥራዋን ልታቀርብ ሁለት ቀን ሲቀራት ግን ጠዋት ደብተሯን ይዛ መጣች። ፊቷ ተለውጧል።

«ጋሼ፣ አጠራጣሪዎቹን ለብቻ አውጥቼ አየኋቸው። የኔ ወዲያም ወዲህም ነው። የእርስዎ ግን ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው፤ ወደ እኔ ወገን።» ደብተሯን ፊቴ ዘረጋችው። «ያን ቀን ስላይዶቹን ማን ነው የሸፈናቸው?»

አልማዝ ናት ብል ታምነኝ ነበር። አፌ ላይም ደርሶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

አልጮኸችም። ተቀመጠችና ቀዩን እስክሪብቶ አወጣች። ጽፋ ስትጨርስ ተነስታ ወደ ዶክተር ምሕረት ቢሮ ሄደች። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን እፍረት እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ዶክተር ምሕረት አልገሠጹኝም። የራሳቸውን የማይክሮስኮፕ ተራ ለሐያት ለቀቁላት፤ ስላይዶቹንም በራሳቸው እጅ እንደገና ሸፈኑ። ሁለተኛ ቆጣሪ አንድ የክፍል ጓደኛዋ ሆነ። እኔ ሌንስ እየጠረግሁ ዋልኩ። አዲሱ ቁጥር ሲወጣ ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ ሠርቷል ብሎ አፍ ሞልቶ የሚያናግር አልነበረም።

በመዝጊያው ቀን ሐያት ሁለቱንም ግራፎች አሳየች። «የመጀመሪያው ያምራል፤ ግን አንዱ ቆጣሪ መለያውን ያውቅ ስለነበር አይታመንም። ሁለተኛው ደካማ ነው፤ የማምነው ግን እሱን ነው» አለች። ስሜን አልጠራችም። ከዳኞቹ አንዱ ቆጣሪው ማን እንደሆነ ጠየቃት፤ እሷ ግን ወደ ግራፉ ዞረች። ከኋላ ተነስቼ «እኔ ነኝ» አልኩ።

ቦታውን ሌላ ተማሪ አገኘ።

ላጽናናት ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ዓይንዎ አድልቶልኛል፤ አፍዎ ግን አልዋሸኝም። ይህም ይጻፋል» አለችኝና ወደ ፌርማታው ወረደች።

አንድ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ለካች። በቀጣዩ ክረምት በሌላ የምርምር ጥያቄ ተወዳድራ ገባች። ዛሬ እሷም ዶክተር ናት፤ ያን ሥልጠና የምትመራው እሷ ናት።

ጡረታ የወጣሁበትን ክረምት የመጀመሪያ ቀን አስታውሳለሁ። ሁለቱን ግራፎች ለአዲሶቹ ተማሪዎች አሳይታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። ስላይዶቹ ጠረጴዛው ላይ ተሸፍነው ተደርድረዋል፤ የሸፈነቻቸው እሷ ናት። በአውራ ጣት እየተጫኑ ሴል የሚቆጥሩባትን መቁጠሪያዋን አንስታ እጄ ላይ አኖረቻት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምንም አያውቁም። ይቁጠሩልን» አለችኝ።

ቆጠርኩ።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለምትገቡ የምተወው ይህን ብቻ ነው፤ የሸፈነ አይቁጠር፣ የሚቆጥር አይሸፍን።