የአባቴ ማራገቢያ፦ ከሳሊተ ምሕረት እስከ ቦሌ ሚካኤል

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሳሊተ ምሕረት

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት የወጣሁት የአንድ ቀን ፈቃድ ይዤ ነው። ፈቃዱን የሰጠችኝ እናቴ ናት። የሳሎናችን ኮርኒስ ሊቀየር ስለሆነ ከጣሪያው የተንጠለጠለው አሮጌ ማራገቢያ ወርዷል፤ እማዬም በማግስቱ ለሚመጣው ቆራሌው ልትሰጠው ቆርጣለች። ምንነቱን ላጣራና ከዚያ እንደፈለግሽ አድርጊው አልኳት።

"ሠላሳ ዓመት ተሰቅሎ አንድ ቀን ያልዞረ ነገር ምኑ ይጣራል?" አለች። "ብቻ ጋቢዬን ግሪስ እንዳታስነኪው።" የጠቀለልኩት በእሷ ጋቢ ነበር።

ማራገቢያውን አባቴ ከድሬዳዋ ነው ያመጣው። እዚያ ኤሌክትሪሺያን ነበር። "ወዳጅ ሰጠኝ" ከማለት በቀር ስለ ዕቃው አላወራም። አዲስ አበባ ስንገባ ሰቀለው፤ ማብሪያው ሲጫን አጠገቡ ያለው አምፖል ይበራል፣ ማራገቢያው ግን አይዞርም። እማዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር "የኤሌክትሪሺያን ቤት ማራገቢያ ይሄውላችሁ፣ የዝንብ ማረፊያ" ትላለች። አባቴ ይስቃል።

እኔ ደግሞ ከእሷ ባስኩ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ነው። ፊዚክስ በተማርኩ ዓመት "አምፖሉ እየበራ ማራገቢያው ካልዞረ ሞተሩ ተቃጥሏል" ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩና እራት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩ። አባቴ "ጎበዝ" አለኝ።  አሁን እሱ የለም። አባቴ በእርግጥ የተቃጠለ ዕቃ ተሸክሞ የመጣ ሰው መሆኑን ቆራሌው ሳይደርስ ማወቅ ፈልጌያለሁ።

ታክሲ ውስጥ ማራገቢያው አንድ ወንበር ስለያዘ የሁለት ሰው ከፈልኩ። አንዱ ክንፍ ከጋቢው ሾልኮ ሲወጣ ሹፌሩ በመስታወት አየው።

"ማዘር፣ ሄሊኮፕተሩስ የት ቀረ?"

"ወድቆብኝ ነው" አልኩት። እስከ መገናኛ ድረስ በየመሀሉ ብቻውን ይስቅ ነበር።

ረፋድ አራት ሰዓት፣ ኦሎምፒያ

መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይሬ ኦሎምፒያ ወረድኩ። የድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎች ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ እንደሚገናኙ ቴሌግራም ላይ አንብቤ ነበር። ያገኘሁት ሁለቱን ነው፤ ራዲዮ የሚሰበስቡትን ሽማግሌ አቶ ዳዊትንና መብራት የምትሰበስበውን ሣራን። ደንብ አላቸው፤ ዕቃው በሁሉም እጅ ሳያልፍ ማንም ሐሳብ አይሰጥም፣ ባለቤቱም አይናገርም። ማኪያቶዬን ይዤ ዕቃው ከእጅ እጅ ሲያልፍ አየሁ። አራት አጫጭር የላሜራ ክንፎች፣ ዙሪያውን የሽቦ ቅርጫት፣ ሆዱ ላይ 24 የሚል የተቀረጸ ቁጥር።

"በጣም ዩኒክ ናት" አለች ሣራ። "እኔ ብሆን ላምፕ አደርጋት ነበር።"

አቶ ዳዊት መነጽራቸውን አወለቁ። "ሃያ አራት። እንግዲህ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት መሆኑ ነው። የተሠራበት ዓመት።"

"በፈረንጅ ነው በእኛ?" አልኳቸው።

ሣራ ሳቀች። "ያዘችዎት፣ ጋሼ።"

አቶ ዳዊት አልተቆጡም። ይልቅ ዕቃውን እንደገና ገለበጡትና አንዲት ክዳን በጥፍራቸው ከፈቱ። ውስጧ ትንሽ ጥቁር ቁራጭ ነበረች። "ካርቦን" አሉ። "በመሰርሰሪያ ሞተር ውስጥ ነው የማውቀው። የቤት ማራገቢያ ካርቦን ሲኖረው አላየሁም። ዓመቱን የተናገርኩት ቸኩዬ ነው። ቦሌ ሚካኤል ሐጂ ሰይድ ዘንድ ውሰጂው፤ ሞተር የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።"

ስምንት ሰዓት፣ ቦሌ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለች ጠባብ ሱቅ ሐጂ ሰይድ የሞተር ሽቦ ይጠመጥማሉ። የወሎ ሰው ናቸው። ሳምቡሳና ሻይ አስመጥተው ካልበላሽ አልሠራም አሉኝ፤ በላሁ። ከዚያ ማራገቢያውን አነሱና፣ ሳይፈቱት፣ አፍንጫቸውን ደቅነው አሸተቱት።

"ጤነኛ ነው። የተቃጠለ ሞተር ስንት ዓመት ቢቆይ ሽታው አይለቀውም።"

"24 የሚለው ዓመቱ ነው ይላሉ።"

"ማን ነው ያለሽ? ቮልት ነው እንጂ፣ ልጄ። ድሬ ለጨርቅ ስመላለስ ስንት ቀን ከሥሩ ተቀምጫለሁ። የባቡር ነው፤ በባትሪ ነው የሚሠራ። የቤት መብራት ቢነካው ወላሂ ያኔውኑ ይጨስ ነበር።"

"ታዲያ ከቤት መብራት ጋር ሠላሳ ዓመት ተገናኝቶ እንዴት ተረፈ?"

ሐጂ ማራገቢያውን ገለበጡት። ከላይ መንጠቆውን የሚሸፍነውን ኩባያ መሳይ ክዳን ፈቱ። ሽቦው ተቆርጧል፤ ጫፎቹ ለየብቻ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለዋል። ሥሩ በክር የታሰረ ወረቀት አለ። ጽሕፈቱን ገና ሳላነበው አወቅሁት፦ "የባትሪ ነው። ከመብራት አይገናኝ።"

"ባለሙያ ነው የዘጋው" አሉ ሐጂ። "ማን ነው?"

"አባቴ።"

ሁለት ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ ቀጣጥለው ሽቦዎቹን አስነኩ። መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ ዞረ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ወረቀቶች ተበተኑ፤ ሐጂ ቆባቸውን ያዙ። እኔ ደብተሬን ጮክ ብዬ ያነበብኩበትን እራት እያሰብኩ ነበር። አባቴ "ጎበዝ" ሲለኝ ይህ ወረቀት ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

"አብሽሪ" አሉኝ ፊቴን አይተው። ባትሪዎቹን እስከ ሰኞ አዋሱኝ።

አስራ አንድ ሰዓት፣ ቤት

ኮርኒሱ ገና ስላልተነካ መንጠቆው ቦታው ላይ ነበር። ጎረቤታችን አቶ ግርማ መሰላል አምጥተው ሰቀሉልን። ለእማዬ ወረቀቱን አነበብኩላት።

"ድገሚው" አለች። ደገምኩት።

"ምን አለ ያኔ ቢነግረኝ?"

"አንቺ ስትስቂ፣ እኔ ሳስተምረው፣ ጊዜ የት አገኘ?"

ባትሪዎቹን አገናኘሁ። እማዬ ከሥሩ ተቀምጣ አንጋጣ ታየዋለች። የማታ ትምህርት ደብተሬን ከሳጥን አወጣሁ። ከሳሊተ ምሕረት ቦሌ ሚካኤል ድረስ ሄጄ ያመጣሁት አንድ እርማት ነው፤ "ተቃጥሏል" የሚለውን ሰርዤ "አልጠየቅሁትም" ብዬ ጻፍኩ።

ቀና ስል እማዬ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታለች። ሳሎኑ ቀዝቅዟል።

"በረደሽ፤ ላጥፋው?"

"ተይው" አለች፣ ዓይኗን ከጣሪያው ሳትነቅል። "ጋቢዬን አቀብይኝ።"