ከእናቴ ወፍጮ የወጣችው ክብ ድንጋይ

ክልሉ ገና በእግሩ ሲቆም ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ሥራው ከሰው ይበዛ ነበር። ዛሬ አንድ ቢሮ ይከፈታል፣ ነገ ሌላ። ቀለሙ ያልደረቀ ታፔላ በሩ ላይ ይሰቀላል፣ ውስጥ ስትገባ ግን መቀመጫ የለም። እኔ በአንዱ ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ፤ ባለቤቴ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጭነት ያወርድ ነበር። ሁለታችንም ከማታር የመጣን ኑዌሮች ነን። አማርኛውን ያገኘነው ትምህርት ቤት ነው፤ ቤታችን ውስጥ የምናወራው በቋንቋችን ነበር። እዚህ የምጽፈውም ንግግር፣ ከአናጢው ጎረቤታችን በቀር፣ በኑዌር የተነገረ ነው።

እናቴን ማታር ላይ ወባ ሊገድላት ሲል በጀልባ አመጣናት። የድንጋይ ወፍጮዋም አብሯት መጣ። ማታርን ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ያስቸግራል። አገሩ ጭቃና ሣር ነው፤ ውሻ የምታባርርበት ጠጠር እንኳ ፈልገህ አታገኝም። ድንጋይ የሚመጣው ከሩቅ ነው። የእናቴ ወፍጮ የእናቷ ነበር። ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ማሽላ ሲፈጩበት መሃሉ ጎድጉዶ ገበቴ መስሏል። ሕመምተኛዋን ተሸክመን ስንወጣ "ድንጋዬስ?" አለች፤ አራት ወንዶች ተመልሰው አመጡላት።

ዳነች። በዳነች ማግስት ደግሞ "ባሮ ሲሞላ እሄዳለሁ" ማለት ጀመረች፤ ጀልባ የሚሄደው ያኔ ነውና። ምክንያት አላጣችም። እህቷ ብቻዋን ናት። ከተማው ይጮሃል። የሞተር ወፍጮ ቤት ስላለ ድንጋይዋ ሥራ ፈቷል። ትልቁ ምክንያቷ ግን ባለቤቴ ነበር። በእኛ ወግ አማች አማቱ ፊት አይበላም፣ ፊት ለፊት አያያትም፣ ነገር ካለውም በሰው ያስነግራል። ልጅ ሲወለድ ነገሩ እየላላ ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ ገና አልወለድንም። ስለዚህ ያ ረጅም ሰው ከሥራ ደክሞት ሲመጣ ሳህኑን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ማንጎው ሥር ይቀመጣል። ዝናብ ከጀመረ ሳህኑን በባርኔጣው ይሸፍናል። እናቴ ይህን ታውቃለች። "ሰውየው በገዛ ቤቱ እየተሸሸገ እስከ መቼ ይበላል?" ትለኛለች።

እኔ እንድትሄድ አልፈለግሁም። ሞታ ነበር ያመጣኋት፤ መልሼ ለዚያው ወባ ልሰጣት አልፈለግሁም። ደግሞም ከቢሮ ስመለስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ መዝሙሯን ስታንጎራጉር መስማት ለምጄ ነበር። ያ ድምፅ ሳይኖር ቤቱ ምን እንደሚመስል ማሰብ ያስፈራኝ ነበር።

የያዛት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ያለ ወፍጮዬ ንቅንቅ አልልም" ብላለች። ስንመጣ ጀልባው ባዶ ነበር፤ ወደ ማታር ሲመለሱ ግን የጀልባ ሰዎቹ በጨውና በሳሙና ጭነት ላይ እሱን አንጨምርም ብለዋታል። ግን አንዱ ደግ ሰው ቢገኝና እሺ ቢላትስ? ድንጋዩ ጨርሶ የማይነሳበትን ዘዴ ማሰብ ጀመርኩ።

ዘዴው ቤታችን ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ዕቃ ሊገጥም የመጣ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ፣ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ለባለቤቴ አንድ ፑንታ፣ የድሪል መብሻ፣ ሰጥቶታል። ትንሽ የቲማቲም ጣሳ ያክላል፤ ውስጡ ባዶ ነው፤ አፉ ዙሪያውን የአልማዝ ብናኝ ተጋግሮበታል። ድንጋይም ሸክላም ይበሳል፣ ግን ውሃ አይለየው፣ አትቸኩል፣ አትጫነው ብሎታል። ባለቤቴ በምስማር ሰቅሎት ለእንግዳ ሁሉ ያሳያል። የሚበሳ ነገር ግን አልነበረንም። ቤታችን የጭቃ ነው፤ በጣት ይበሳል።

"የእማዬን ወፍጮ መሃሉን ብሳውና የእጅ መታጠቢያ ላቫንዲኖ እናድርገው" አልኩት። "ደጃፉ ላይ በሲሚንቶ እንገንባው፣ ከሥሩ ቱቦ ይውጣለት።"

"ይህ ላቫንዲኖ ነው ወይስ ችንካር?" አለኝ።

"ሁለቱም" አልኩት። አላፈርኩም፤ ዛሬም አላፍርም።

ለእናቴ ነገርኳት። የሚሰነጠቅ ከሆነስ አለችኝ። እሱ ያውቅበታል አልኳት፤ አንድም ድንጋይ በስቶ አያውቅም። ቢሰነጠቅ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ለእኔም ለባለቤቴም ገብቶናል፤ ድንጋይዋን ገድዬባት እሷን እዚህ አስቀራለሁ ማለት ዘበት ነው፣ በመጀመሪያው ጀልባ ትሄዳለች። በመጨረሻ "ብሱት" አለች። "ከመሃሉ የሚወጣው ግን የኔ ነው።" የአሮጊት አመል ነው ብዬ እሺ አልኳት።

መብራት የሚመጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። አናጢው ጎረቤታችን ድሪሉን ይዞልን መጣ። ከመቲ የወረደ ደገኛ ነው፤ ደግ ሰው፣ ምክር የሚያበዛ። ድንጋዩን በእርጥብ አሸዋ ላይ አስተኛነው። ፑንታው መሃሉን የሚመራው ጫፍ ስለሌለው እንዳይንሸራተት ቀዳዳ ያለው ሳንቃ ተደርጎለታል፤ ሳንቃውን በሁለት እጄና በጉልበቴ ይዤ የተንበረከክሁት እኔ ነኝ። ውሃ የሚያፈስ ሰው ጠፋ። እናቴ ሳትጠየቅ ቅሏን ይዛ መጣች፤ ፊቷን ከአማቿ ዘወር አድርጋ ቆመች። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ጸለየና ድሪሉን አስነሳው።

እንግዲህ ያንን ጉድ ማየት ነበር። ባለቤቴ "ውሃ ይጨምሩ በያቸው" ይለኛል። እናቴ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆማ በጆሮዋ ሰምታዋለች፤ ግን ወግ ነው፣ እኔ እስክነግራት ትጠብቃለች። "እማዬ፣ ጨምሪ" እላለሁ። እስክትጨምር ድንጋዩ ደርቋል። "ቀስ በል በይው" ትለኛለች። እኔ አንገቴን አዙሬ እስክነግረው ብረቱ መጮህ ጀምሯል። አናጢው በበኩሉ "ተጫነው እንጂ ወንድሜ፣ እንዲህ እየዳሰስከው መቼ ሊገባልህ ነው?" ይላል። ባለቤቴ ኮሬንቲና ውሃ መገናኘታቸው ስለሚያስፈራው ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ ሰማውና ተጫነው። ጭስ ወጣ፣ የተቃጠለ ድንጋይ ሸተተ፣ ከክቡ ጠርዝ አንድ ቀጭን መስመር ወደ ጎን ስትሮጥ አየሁ። "ተሰነጠቀ" አልኩ።

እናቴ ተንበርክካ መስመሩን በጥፍሯ ፈተነችው። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ፑንታው ተንሸራትቶ የጫረው ብቻ ነበር። ዕቃው ተሰበሰበ። ያን ሌሊት ባለቤቴ ራቱን ሳይበላ ተኛ።

በማግስቱ ሲመሽ እንደገና ወጣን። አናጢው ድሪሉን ልኮ ራሱ ቀረ፤ ከፍቶት ይሁን ራርቶልን አላውቅም። እኔ ውሃው እንዲቆይ ዙሪያውን በጭቃ እንከልለው አልኩ። እናቴ ከወንዙ ጭቃ አመጣችና እንደ ግድግዳ ልስን አለስልሳ ክብ ግድብ ሠራች። ውሃው በክቡ ውስጥ ተኛ። ባለቤቴ ሳይጫን፣ ድሪሉን በትንሽ በትንሹ እያሳረፈ፣ ወተት የመሰለ ውሃ እያወጣ ገባ። ሲሞቅ ያነሳዋል፤ እናቴ ነጩን ውሃ ቀድታ ትደፋና ንጹሑን ትሞላለች። እኔ ሳንቃውን ይዤ ጉልበቴ ደንዝዟል። በመጨረሻ ድምፁ ቀጠነ። ሊወጣ ነው። ባለቤቴ ጉጉት ያዘውና ክንዱ ከበደ።

"ልጄ፣ ቀስ በል" አለች እናቴ።

ልጄ የምትለው እኔን ነበር፤ ቀና አልኩ። ግን የምታየው እሱን ነው። ባለቤቴ ክንዱን አላላ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለዐይን ጥቅሻ ያህል፣ አያት። ከዚያ ብረቱ ድንጋዩን አልፎ አሸዋው ውስጥ ገባ። ውሃው ሁሉ ፏ ብሎ ወረደ።

የተቆረጠችው ድንጋይ ፑንታው ውስጥ ተቀርቅራ ቀርታ ነበር፤ ባለቤቴ በምስማር ገፍቶ አወጣት። ክብ፣ ከላይ ልሙጥ፣ ከሥር ሸካራ። በእኔ በኩል እንዲያሳልፋት ጠብቄ እጄን ዘርግቼ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ሰብሮ በእናቴ መዳፍ ላይ አኖራት። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። አሁን ትቀራለች ብዬ አመንኩ።

ወፍጮው በሲሚንቶ ተገነባ። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ እጁን ታጠበበት። የኛ ሰፈር ሰው ጀበና የሚያክል አዲስ ነገር ካገኘ ለማየት ይሰለፋል፤ ይህ ደግሞ ከድንጋይ የተሠራ ላቫንዲኖ ነው። ባሮም ሞላ።

አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ እናቴ ጥቅልሏን አስራ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። "ጀልባ አገኘሁ" አለችኝ።

"ወፍጮሽስ?" አልኳት። "ያለሱ ንቅንቅ አልልም ብለሽ የለም?"

ከነጠላዋ ቋጠሮ ክብዋን ድንጋይ አውጥታ አሳየችኝ። "ይኸው ከኔ ጋር ነው። የቀረው ክብደቱ ነው፣ ልጄ። እናቴም እኔም የፈጨነው እዚህ ላይ ነው።" ልሙጡን ፊት በአውራ ጣቷ አሸችው። "ይህችን የምታክል ድንጋይ ማንኛውም ጀልባ ይጭናል። ወስጄ ለእህቴ አሳያታለሁ።"

እንዳትነሳ ብዬ በሲሚንቶ የያዝኩትን ነገር እኔው ራሴ በስቼ ቀላል አድርጌ በእጇ ሰጥቻታለሁ። አለቀስኩ፤ እሷም አላባበለችኝም። ባለቤቴ ጥቅልሏን ተሸክሞ ወደ ወንዙ ሸኛት። ከኋላቸው ስሄድ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው፤ ያለ እኔ።

የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ መጣች። ባለቤቴ ፊቷ ተቀምጦ በላ። ልጁ መቀመጥ ሲጀምር ተመልሳ ሄደች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ልሂድ ስል ሥራ ያዘኝ፣ ልሂድ ስል መንገድ ተዘጋ፤ እንደዚያ እያለ ዓመቱ ሄደ። ስትሞት አክስቴ ድንጋይዋን በጨርቅ ጠቅልላ በሰው ላከችልኝ።

ቦታዋን ስለማውቅ የላቫንዲኖው ቀዳዳ ላይ አስቀመጥኳት። ከሥር ያለው ቱቦ ጠበብ ስለሚል አትወድቅም። ልክ ትሆናለች ብዬ ነበር። ግን ፑንታው ሲዞር ዙሪያዋን በልቷል፤ ትገባለች፣ አትሞላውም፣ ውሃው በጎኗ ይወርዳል። ባለቤቴ በላስቲክ ጠቅልዬ ላጥብቃት አለኝ። ተዋት አልኩት። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ በጣቴ እነካታለሁ፤ ትነቃነቃለች።