በሳይላስ ትሬዊን ቀኝ የገቡ አራት ግቦች

ሳይላስ ትሬዊን ዘጠኝ ክረምት ሙሉ በአውስትራሊያዋ የወርቅ ከተማ በቤንዲጎ፣ በቡድኑ ግብ ፊት ቆሞ ሞላላዋን ኳስ ከአየር ላይ ቀልቧል። በ1903 ቡድኑ በተሸነፈ ማግስት ግን ጸሎት ቤት ከጎኑ የሚቀመጡት ባልና ሚስት ወደ ኋላ ሄደው ተቀመጡ። ጨዋታውን ሸጧል ተብሎ ነበር።

የቡድኑ አምበል ማክፊ ልኳንዳ ቤት አለው። ለሳይላስ ሥጋ እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል፣

«አራት ጊዜ፣ ሳይላስ! አራቱንም ያገባብህ ጃጎ ነው። አብራችሁ የወርቅ ጉድጓድ ትወርዳላችሁ አይደል?» አለው።

«ሮጦ ቀደመኝ።»

«ጃጎ? እኔ የሰባ በሬ አውቃለሁ ወንድሜ፤ አይሮጥም።»

ሳይላስም ጥርጣሬ ነበረው። ጃጎ አራቱንም ጊዜ የመጣው በቀኙ ነው። የቀኝ ዓይኑ ደግሞ በፋሲካ ሰሞን የድንጋይ ፍንጣሪ ከመታው ወዲህ አያይም፤ ይህን ለማንም አልተናገረም።

ሰኞ ጉድጓድ ውስጥ አለቱን ሲበሱ ጃጎን ጠየቀው።

«ስለ ዓይኔ አውቀሃል አይደል?»

«ከፋሲካ ወዲህ መዶሻውን ለምን የማላስነካህ ይመስልሃል?» አለ ጃጎ። «ብረቱን ስይዝልህ እጄን ብትመታኝስ? እጄን እወደዋለሁ።»

«ሜዳ ላይስ?»

«ሜዳ ላይ የእናንተ ሰው ነኝ እንዴ? ለጉድጓዱ ፎርማን ግን ትንፍሽ አላልኩም።»

«ለማክፊ መስክርልኝ።»

«ማክፊ ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለከተማው ይነግራሉ። ፎርማኑ አንድ ዓይና አያወርድም። ሌባ ተብለህ እንጀራህን ብትበላ አይሻልህም?»

ሳይላስ ሁለት ቀን አሰበበት። ምክሩንም ጠረጠረው። ጃጎ የፈራው ለእሱ እንጀራ ነው፣ ወይስ አራቱ ግቦች በዕውር ላይ የገቡ ናቸው እንዳይባልበት?

ረቡዕ ልኳንዳው በሰው ተሞልቶ ሳለ ገባና ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ።

«በቀኜ አላይም። ካላመንክ ፈትነኝ።»

ማክፊ የሥጋ መጥረቢያውን አንስቶ ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ላይ አቆመው። የሳይላስ ዓይን አልተርገበገበም። አንዲት ሴት «ኧረ ተው!» ብላ ጮኸች።

«ስንት ነው?» አለ ማክፊ።

«ሁለት ጣት ይመስለኛል።»

ማክፊ መጥረቢያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እኔ ደግሞ ሸጠን ብዬ አስወራሁብህ» አለ። ሳይላስ ዓይኑ አላይ ብሎት እንጂ ጨዋታ እንዳልሸጠም ማታውኑ ደጃፍ ለደጃፍ እየዞረ ተናገረ።

ሐሙስ ጠዋት በጉድጓዱ አፍ ለሚወርዱት ሻማ ሲታደል ሳይላስ ታለፈ። ፎርማኑ «ዓይንህ እንዴት ነው?» አለው።

«አንዱ ደህና ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሥራ ስድስት ዓመት ከላይ፣ በግማሽ ደሞዝ ድንጋይ ለቀመ። ለፎርማኑ የነገረው ማን እንደሆነ አጣርቶ አላወቀም፤ ጃጎን ግን ዳግም አጠገቡ አላስቆመም። ጨዋታ ሸጠ የሚለው ወሬ ከዚያ ወዲያ አልተሰማም።