ትንፋሼ ያስነቀለኝ ጥርስ

መጀመሪያ የነገረኝ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። እዚህ ኬንያ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከፍሪጅ የወጣ ውሃ ስጎነጭ፣ በግራ በኩል ታችኛው መንጋጋዬ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ልጄ ሳባ ምን ሆንክ አለችኝ። ውሃው ቀዘቀዘብኝ አልኳት። ውሸት አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃዬን ለብ አድርጌ መጠጣት ያዝኩ፤ ለጤና ጥሩ ነው እያልኩም ቤተሰቡን ሁሉ መከርኩ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ የጥርስ ሐኪም ሲነሣበት ወሬ ለሚቀይር ሰው ነው። ደፋር የሆነ ይለፈው።

ሰው ሲጠይቀኝ ጥርሴን የነቀልኩት በመኪና መለዋወጫ ንግድ ነው እላለሁ። በእውነት የነቀልኩት ግን አገር ቤት፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ነው። ያን ጊዜ ድሬሰር የምንለው የጤና ረዳት ማደንዘዣ ወጋኝ፤ ጥቂት ቆየና ጉጠቱን አስገብቶ ጥርሱን ነካ አደረገው። «ደነዘዘልህ?» አለኝ። አልደነዘዘም። አመመኝ። ከሕመሙ የተነሣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ። እኛ አበሾች ደግሞ አፋችንን ከፍተን «አዎ» ማለት ሲታክተን ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ፤ አየር ሳብ እናደርጋለን፣ አለቀ። ድሬሰሩ አዎ ያልኩት መሰለው። «ጎሽ» አለ። ነቀለው።

ሰውዬው አልበደለኝም። ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ጸጉሬ ሸበተ፣ አገር ቀየርኩ፣ ልጆች ዳርኩ፤ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ግን አልተቀመጥኩም።

ከውሃው ቀጥሎ ሻይ ያመኝ ጀመር። ማኘክን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዛወርኩ። ጥርሴ ሥር ቅርንፉድ እወትፋለሁ፤ ሳባ አባዬ ሰሞኑን ሻይ ቅመም ሻይ ቅመም ትሸታለህ አለችኝ። እሁድ እሁድ ሁርሊንግሃም ባለ አንድ አበሻ ምግብ ቤት ከወዳጄ ከተካ ጋር ጥብስ የመብላት ልማድ ነበረን። ተካ የድሮ የንግድ ባልደረባዬ ነው፤ አፉ አያርፍም። አንድ እሁድ ጥብሱ ሲመጣ፣ እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ ሽሮ ይምጣልኝ አልኩ። ተካ ጉርሻውን አየር ላይ አቁሞ አየኝ።

«በበዓለ ኀምሳ?»

ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንታት እንደሆነው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳን እንደማይጾም ረስቼዋለሁ። የንስሐ አባቴ ለብቻዬ ያዘዙኝ ነው አልኩ። ተካ «ምን ብትሠራ ነው አንተ ሰውዬ?» ብሎ ቤቱን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ እጄን አፌ ላይ ጭኜ።

ከዚያ አበጠ። አንድ ጠዋት ስነሣ ግራ ጉንጬ የእኔ አልነበረም። አፌ በደንብ አይከፈትም። ትኩሳት አለኝ። ምራቅ መዋጥ አመመኝ። ሳባ ፊቴን አየች። የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች።

ኪሌሌሽዋ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ዶክተር ዋንጂሩ የምትባል ኬንያዊት ናት። ኤክስሬዩን እያሳየች፣ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ፣ አብሴስ ነው አለችኝ፤ ጥርሱ ሥር መግል ቋጥሯል። «ኢንፌክሽኑ ወደ አንገት ከወረደ መተንፈሻዎን ሊዘጋ ይችላል። መግሉ ዛሬ ሳይወጣ ወደ ቤት አልሰድዎትም።»

ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ሳባ በሩ ላይ ቆማለች። ሽንት ቤት ልሄድ ነው አልኳት።

«አባዬ፣ ሽንት ቤቱ በዚያ ነው።»

ተመለስኩ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተኛ። መብራቱ በራ። መርፌው ገባ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጠበቀች። በብረት ነካ አድርጋኝ፣ «ደነዘዘ?» አለች። ደንዝዟል። አዎ ልላት ፈለግሁ፤ አፌ ተከፍቷል። ትንፋሼን ሳብኩ።

እጇን ወዲያው አነሣች።

«ፖሌ፣ ምዜ» አለች። በስዋሂሊ ይቅርታ ሽማግሌው ማለቷ ነው። ማደንዘዣ ጨመረችልኝ፤ ጠበቀች፤ ጠየቀችኝ። ትንፋሼን ሳብኩ። እንደገና አቆመች። ይኼኔ ሳባ ከጥግ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ ዶክተር፣ እሱ እኮ አዎ እያለሽ ነው አለቻት።

ዶክተሯ ዕቃዋን አስቀመጠች። በሕመም የማቃስት መስሏት ነበር። እኔም በደነዘዘ ከንፈሬ፣ ግማሹን ቃል እያፈሰስኩ፣ የድሬሰሩን ነገር ነገርኳቸው። ለሳባ ነግሬያት አላውቅም። ሳቋን አቆመች።

«ኢንፌክሽን ያለበት ቦታ ላይ ማደንዘዣ አንዳንዴ በደንብ አይሠራም» አለች ዶክተሯ። «ያን ጊዜ ያመመዎት እውነት ነበር። ከእንግዲህ ትንፋሽዎን አልሰማም። ግራ እጅዎን ያንሡ፤ ባነሡ ቁጥር አቆማለሁ።»

ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። ስለዚህ ፈተንኳት። ምንም ሳያመኝ እጄን አነሣሁ። አቆመች። ቀጠለች፤ አነሣሁ። አቆመች። በሦስተኛው ዝቅ ብላ አየችኝ።

«ምዜ፣ አመመዎት ወይስ እየተጫወቱብኝ ነው?»

ትንፋሼን ሳብኩ።

ከዚያ በኋላ እጄ ሆዴ ላይ ቆየ። መግሉ ወጣ። ጣዕሙን አልነግራችሁም።

አንቲባዮቲኩን ቢሻለኝም ሳላቋርጥ ጨረስኩ፤ ጨው ባለው ለብ ያለ ውሃ እየተጉመጠመጥኩ፣ ሳባ የምትሠራልኝን አጥሚት እየጠጣሁ፣ ጉንጬ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ሲመለስ በመስታወት እየተከታተልኩ ከረምኩ። እብጠቱ ከጠፋ በኋላ የማይድነውን ጥርስ አስነቀልኩ፤ ጫና እንጂ ሕመም አልነበረውም። ጎረቤቱን ጥርስ ደግሞ ዶክተሯ ሩት ካናል ሠርታ፣ ማለትም የታመመውን የውስጥ ሥሩን አጽድታና ሞልታ፣ አተረፈችልኝ፤ ለዚያኛው ቀጠሮ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ብቻዬን ሄድኩ፣ ሳባ በሩን እንድትጠብቅ አላስፈለገም። ባለፈው እሁድ ከተካ ጋር ጥብስ በላሁ። ጾሙን ማን ፈታልህ አለኝ። ዶክተር ዋንጂሩ አልኩት።

እሷን አመሰግናለሁ፤ በውሸት ላነሣሁት እጅ እንኳ ስላቆመች። ሳባንም፣ ስላልተቆጣችኝና ከበሩ ስላልተነሣች።

እንደ እኔ ለምትፈሩ፦ ሲብስባችሁ ሳይሆን ገና ቀዝቃዛ ውሃ ሲነግራችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ለመታየት ብቻ ሂዱ፤ በዚያ ቀን ማንም ምንም እንዳይነካባችሁ መጠየቅ ይቻላል። ፊታችሁ ካበጠ፣ መዋጥ ካስቸገራችሁ ግን በዚያው ሰዓት ሂዱ፤ ቅርንፉዱን ለሻይ ተዉት። መፍራታችሁን አፋችሁ ሳይደነዝዝ ተናገሩ፤ ምልክትም ተስማሙ። ሐኪማችሁ የውጭ ሰው ከሆነ አንድ እጃችሁን አንሡ። አበሻ ከሆነ ሁለቱንም።