ግማሽ የደረሰው ጀሪካን

የወንድም ጋሼ አርባ በወጣ ማግስት፣ መልካሳ፣ የመስኖው ገንዳ ዳር ተሰበሰብን። ዋና ያስተምሯቸው የነበሩት ልጆች ደረጃው ላይ፣ እናቶቻቸው ግራሩ ሥር፣ ዋና የማልችለው የወንድም ጋሼ እህት እኔ ደግሞ ጀሪካኖቹ አጠገብ ቆመናል።

ወንድም ጋሼ ዋና ሲያስተምሩ ባዶ ጀሪካን ከልጁ ወገብ ጋር ያስሩ ነበር። ከዚያ ልጁ ሳያይ በየጊዜው ጥቂት ውሃ ይጨምሩበታል። «አይዞህ፣ ጀሪካኑ ይዞሃል» ይሉታል። ሞልቶ ሲፈቱለት፣ ለካ ልጁ ብቻውን ሲዋኝ ነው የከረመው።

ከልጆቹ አንዷ የሀዊ ጀሪካን፣ እሳቸው ሲሞቱ ግማሽ ላይ ቀርቷል። እሷ ግን ባዶ ይመስላታል።

«እማማ፣ ገመዱን ይሰሩልኝ።»

«ዋና አልችልም እኮ፣ ልጄ። ብትሰምጪ ማን ያወጣሻል?»

«እርስዎ አይገቡም! ዳር ሆነው ‹ይዞሻል› ብቻ ይበሉኝ፤ አባባ እንደዚያ ነበር የሚሉት።»

ወንድም ጋሼ ‹ይዞሻል› የሚሉት ብትሰምጥ ዘለው ገብተው ማውጣት ስለሚችሉ ነበር፤ እኔ ግን አልችልም። ገመዱን ለእናቷ ሰጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።